በስተቀር

ከዚራ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ አጥር ከተደገፈች የኒም ዛፍ ጥላ፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ሙያ አልተማርኩም ሌላ።
መኪናዬ አሮጌ ናት፤ "ቀ" ከነቤተሰቧ መምታት ካቆመች ዘጠኝ ዓመት ሞላ።
"ይግባኝ ጠያቂ" ስል፣ ጥርሰ ወላቃ ሆና፣ ቀዳዳ ትታልኝ ታልፋለች፤
እኔም በእስክሪብቶ ተከትዬ እሞላለሁ፣
አንዲት ፊደል ስጠግን እውላለሁ።

ሐሙስ ከዐስር ሰላት ወዲህ፣ ሱቁ ሁሉ ከሙቀት እንቅልፉ ሲነቃ፣
ሚስራ መጣች፣ የሕግ ተማሪዋ፣ አንድ ወረቀት በሁለት ጣቷ አንቃ።
"ለምስለ ችሎት ነው፣ ጋሽ ተካልኝ፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት፣ አሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ፤
ባማርኛ አዙሩት ተባልን፤ ነገ ጠዋት ነው መተያያ።
እኔ የታሰሩት ጠበቃ ነኝ።"

አነበበችልኝ። ባርነት አይኖርም ይላል፤ እሰየው፣ እልል ያሰኛል፤
ግን መሐል ላይ፣ በሁለት ነጠላ ሰረዝ መካከል፣ አንድ ነገር ተኮራምቶ ተቀምጧል፦
"በፍርድ ለተረጋገጠ ወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር።"
ሚስራ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነከሰች፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ምን ይነገር?

"በዚች ቀዳዳ ገብቶ ነው" አለች "እስረኛው ጥጥ የለቀመው፣ ሐዲድ የዘረጋው፤
ዛሬም አንዱ 'ቃሏ ትሰረዝ' ይላል፣ ሌላው 'ወንጀለኛ ቢሠራ ምን ጎዳው?'"
ሐዲድ ስትል ቀና አልኩ።
ይህች ከተማ የሐዲድ ልጅ ናት፤ ማን እንደነጠፈው ግን ማንም አይጠይቅም።

የት እናስቀምጣት? መሐል ብትሆን እንደ እንግሊዝኛው ትሸሸጋለች፤
ፊት ብትመጣ ደግሞ፣ ገና ቤቱ ሳይሠራ በር ትሆናለች።
መጨረሻ ቦታ የላትም፤ ማሰሪያው "አይኖርም" ነው፣ እሱ ነው የሚቆልፈው፤
ግን በር መቆለፉ ምን ሊረባው፣ መስኮቱን ከፍቶ ላለፈው?
"ፊት ትምጣ" አለች ሚስራ፣ "ሰው ይደናቀፍባት።"

አቦ፣ እኔ ግን የታየችኝ ዙበይዳ ነበረች፣ ታይዋን በር ላይ ሽቶ የምትሸጠው፤
የኪራይ ውሏን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አከራይዋ አጠገቤ ቆሞ ነው ያስጻፈው።
"ተከራይ አትለቅም፣
ባለቤቱ ለራሱ ካልፈለገው በስተቀር።"
"ቀ"ዋን በእጄ ነው የሞላሁት፣ በጥንቃቄ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
አውራ ጣቷን አተመች፤ አላነበብኩላትም።
በሰባተኛው ወር ፈለገው።
አልጋዋንና ሁለት ልጆቿን በጋሪ ጭና፣ በዚችው ዛፍ ሥር ስታልፍ፣
ሰላም አለችኝ።

ይህን ለሚስራ አልነገርኳትም።

መታሁት። ዓረፍተ ነገሩ ወጣ፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፤
"በስተ" ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ባዶ፤ ከዚያ "ር" ብቻውን ቀረ።
እስክሪብቶዬን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ፦
"ይተዉት። ክፍተቷን እንዳለች ይዣት እገባለሁ፤
መሐል ዳኛው 'እዚህ ጋ ምን ቀረ?' ሲለኝ፣ 'ሰው' እላለሁ።"

ብር አልተቀበልኳትም። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ሳታጥፍ ከታ
ሄደች፣ በደቻቱ አሸዋ በኩል፣ አቋራጩን መርጣ።
እዚያ ልጆች በድንጋይ ጎል ሠርተው ኳስ ይራገጣሉ፤ ግመል ያልፋል፤
ልባሽ ጨርቅ ይቸረቸራል፤ አንዳንዴ የሠርግ ድንኳን ይተከላል።
ወንዝ መባሉ ለስሙ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ነው፣ መንደር፣
ከአንዲት ሌሊት በስተቀር።

በደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።
መኪናዬን በላስቲክ ሸፈንኩ።